ለአጎበር የተሠራው ብረት

ቦልቴ በሾፌርነት ዘመኑ ያልዋሸው የውሸት ዓይነት የለም። «ሞልቷል፣ አሁን እንወጣለን» እያለ ተሳፋሪ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎ አራት ይጨምራል፤ ትራፊክ ሲያስቆመው ዱሮ የሞተች አክስቱን አንሥቶ እንደገና ይገድላታል። እነዚህ እንጀራ የሚያበሉ ውሸቶች ናቸውና አንድም ቀን እንቅልፍ ነሥተውት አያውቁም። እንቅልፍ የነሣው፣ ወላይታ የራሷን ዞን ባገኘችበት ዓመት፣ በጥቅምት ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት ለመካኒኩ ለደገፉ የነገረው ነገር ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ነገሩ ውሸት አለመሆኑ ነው። ቦልቴ ውሸት መስሎት የተናገረው እውነት ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ጠዋት ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ቆላ ካለችው ከተበላ ከተማ አንድ ሰው መጥቶ ነበር። ይዞት የመጣው ወሬ የደገፉ ልጅ፣ መምህርት ትዕዛዝ፣ ሌሊቱን በወባ መሞቷን ነው። መልእክተኛው ታዲያ የደገፉን በር አላንኳኳም፤ ያቀናው ዕድሩን ወደምታስተባብረው ወደ እትዬ ዓመለወርቅ ቤት ነው። ሞት ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚነገረው። ጎረቤቱ ሰምቶ፣ ዕድሩ ሰምቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሰምቶ፣ ሁሉም በየጓዳው አልቅሶ ከወጣለት በኋላ ነው፣ ባለቤቱ በሰው ተከብቦና ክንዱን ተይዞ የሚረዳው። ደገፉ ደግሞ ሚስቱ ከሞተችበት አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ከትዕዛዝ ሌላ ልጅ የለውም። እንዲህ ላለ ሰው መርዶ በመንገድ አይነገርም ተባለ። ምንም ሳያውቅ ተበላ ይወሰድ፤ እዚያ ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ዘመድ ይዞት ይረዳ፤ ቀብሩ በስምንት ሰዓት ነው፤ ሳጥኑ ሳይዘጋ የልጁን ፊት አይቶ ይሰናበታት። እትዬ ዓመለወርቅ የቆረጠችው ይህንን ነው፤ ቤቷ የተሰበሰቡትም አሜን አሉ።

የቸገራቸው ምን ብለው እንደሚወስዱት ነው። «ልጅህ ታማለች» ቢሉት ይገባዋል፤ በዚህ አገር «ታሟል፣ ቶሎ ድረስ» ከተባለ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል ማለት ነው። አንዱ ይህን ሲል ሌላው ያን ሲል፣ መኪናውን ይዞ እንዲመጣ የተጠራው ቦልቴ ከበሩ ሥር ሆኖ፣ «መኪናዬ ትንቀጠቀጥብኛለች፤ ተበላ ደርሰን እስክንመለስ አብረውኝ ይሂዱና ይስሙልኝ ብላቸውስ?» አለ። ከዚያ እትዬ ዓመለወርቅ እጁን ያዘችና ጌታ ይባርክህ አለችው። ቦልቴም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ለአፍታ ያህል ኮራ።

ትንቀጠቀጣለች መባሏን የሚጠራጠር አልነበረም። በሶዶና በተበላ መካከል የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያቺን አሮጌ ሚኒባስ «እስክስታ» ብሎ ነው የሚጠራት። ትንሽ ፈጠን ስትል ከወገቧ በታች ትናጣለች፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬ ጀምሮ አይጨርስም። ቦልቴ ሲጠየቅ የሚወቅሰው መንገዱን ነው። መንገድ ክፉ ከሆነ የመኪና ኃጢአት አይታወቅም። እውነቱ ግን ጨው ነበር። ለሁምቦ ከብት አርቢዎች የሚሄደውን ጨው በየገበያው ቀን ከኋላ ወንበር ሥር ይጭናል፤ ክረምት ሲሆን ጆንያው ያልበዋል፤ ጨዋማው ውኃ በወለሉ ስንጥቅ እየወረደ የመኪናዋን አጽም፣ ሻንሲውን፣ ሲልሰው ይከርማል። ነሐሴ ላይ ደገፉ ከሥሯ ገብቶ አይቶ፣ የግራ የኋላ ባሌስትራዋ፣ ክብደቷን የሚሸከመው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ብረት በዝገት አልቋል፣ ተቆርጦ በአዲስ ይተካ፣ ሁለት ቀን ትቆምልኛለች ብሎት ነበር። መስቀል ደርሶ፣ የወላይታ ልጅ ከያለበት ወደ አገሩ ሲገባ፣ ሁለት ቀን መኪና ማቆም ለቦልቴ የማይታሰብ ነው። ሻንቶ መንገድ ዳር አንድ በያጅ ዘንድ ወስዶ፣ ከዝገቱ ላይ ላሜራ አስለጠፈባት፤ ከላሜራው ላይ የተቃጠለ ዘይት አስቀባት። ደገፉ ሲጠይቀውም ሌላ ቦታ አስቀየርኩት አለው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይህኛው ግን ከመስቀል ወዲህ አልቀለለም፤ ባሌስትራው ላይ ተንጠልጥሎ አብሮት ሲመላለስ ከርሟል።

አራት ሰዓት ላይ ቦልቴ ጋራዡ ሲደርስ፣ ደገፉ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብረት ነገር ግድግዳ ላይ አስደግፎ በጨርቅ እየወለወለ ነበር። አራት ረጃጅም እግር፣ ከላይ አራት ማገር አለው። ቦልቴ ምን እንደሆነ ባይጠይቅ ይወድ ነበር፤ ዝም ማለቱ ደግሞ ያስነቃል ብሎ ጠየቀ። ደገፉ የትዕዛዝ ነው አለው። እሷና ባሏ አብርሃም የተከራዩት ቤት ኮርኒስ የለውም፤ አጎበሩን የሚሰቅሉበት አጥተው ግድግዳው ላይ ሚስማር ቢመቱ ጭቃው እየተቦደሰ ወደቀ። አባዬ አልጋው ዙሪያ የሚቆም ነገር ሥራልኝ ብላ በነሐሴ ጠየቀችው፤ እሺ አላት፤ መስቀል መጣና የሰው መኪና ተደራረበበት። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፋ አስታወሰችው። ትናንት ማታ ቀለሙን ቀብቶ ጨረሰ።

ቦልቴ እንቅጥቅጧን ይስሙልኝ ሲለው ታዲያ ደገፉ ደስ አለው። «እንዲያውም በጄ፤ ይቺን አድርሼላት እመለሳለሁ» አለና ብረቱን ራሱ ከጣራዋ በላይ ባለው ፖርቶመጋላ ላይ አውጥቶ አሰረው። ቦልቴ ገመዱን አቀበለው።

መኪናዋ ውስጥ ዘጠኝ የዕድር ሰዎች ተቀምጠዋል። የአዘቦት ልብስ ነው የለበሱት፤ ጥቁሩ ሻሽ በየቦርሳው ተጣጥፎ ተደብቋል። ዛሬ ገበያ አይደለም፣ ሰው እንዴት ሞላልህ ብሎ ደገፉ ሲገረም፣ እትዬ ዓመለወርቅ ተበላ የጸሎት ፕሮግራም አለን አለችው። ደገፉ በርቱ ብሏቸው ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመኪናን ሕመም በጆሮ ብቻ አይፈልግም፤ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ያስቀምጥና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ብረቱ በውስጥ እግሩ በኩል ይነግረዋል። ከዳሞታ ተራራ ጀርባውን አዙሮ መንገዱ ወደ ሁምቦ ቆላ መውረድ ሲጀምር፣ ፍጠን፣ ቀስ በል፣ ማርሽ ቀይር እያለ ቦልቴን ሲያዘው ቆየ። ከኋላው የተቀመጡት ሰዎች እንደ ተሳፋሪ አያወሩም፣ አይሳሳቁም፤ አንዷ አፍንጫዋን ደጋግማ ትጠርጋለች። ደገፉ ይህን ሁሉ አልሰማም። ብረት ሲዋሽ የሚያውቅ ሰው፣ ሰው ሲዋሸው እንዲህ ጭልጥ ብሎ ይሞኛል ብሎ ቦልቴ አላሰበም ነበር፤ አንጀቱን በላው።

ግማሽ መንገድ ያህል ሄደው ቁልቁለቱ ሲበረታ ደገፉ ዓይኑን ገለጠ።

«አቁም» አለ።

ቦልቴ እዚያ ታች ሜዳው ላይ እናቆማለን ቢለው፣ ደገፉ እጁን ሰድዶ የፍሬኑን እጀታ ሳበ። መኪናዋ ግራር ሥር ቆመች። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ በጀርባው ተንፏቆ ገባ፤ ቦልቴም ተከተለው። ደገፉ ጥቁሩን ዘይት በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ሲያደርገው፣ ላሜራው ከነዝገቱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሥቶ ደረቱ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ብረት አልነበረም። ካቻቢቴው ሻንሲው ውስጥ ጥልቅ ብሎ ገባ። ባሌስትራውን የያዘው አንድ ብሎን ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱ ተበልቷል።

ደገፉ የላሜራውን ቁራጭ ከደረቱ ላይ አነሣ። ማን ነው የበየደው ብሎ ጠየቀ፤ ቦልቴ ነገረው። ደገፉ አልተሳደበም፤ ነግሬህ ነበር እንኳ አላለም። እጁን ቦልቴ ትከሻ ላይ አሳርፎ፣ ይህ ነገር ታች ኩርባው ላይ ቢለቅ ጎማው ከነአክስሉ ይዞርና አሥራ አንዳችንም ገደል ነን አለው። ቦልቴን ከስድብ ይልቅ ያች እጅ ነች የከበደችው። ሲወጡም ደገፉ ቁልፉን ከመሪው ሥር ነቅሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ግማሽ ሰዓት ቢበዛ፣ አለ።

የመካኒክ ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ መኪና ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ፣ ስድስት ሆነ። የዛገ ዳዶ አልፈታም ብሎ በመዶሻ ተቀጠቀጠ፤ ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እየሰጠመ ሁለት ጊዜ ወደቀ። የቆላው ፀሐይ ግራሩን አልፎ ይጠብሳል። ስድስት ተኩል ላይ እህል የጫነ አይሱዙ ከሶዶ መጣ። ቦልቴ መሐል መንገድ ቆሞ አስቆመው። ወደ ደገፉ ሮጠና እባክዎ እርስዎ በዚህ ይሂዱ፣ እኔ መኪናዋን እጠብቃለሁ፣ ልጅዎን አይተው ይቆዩኝ ብሎ ለመነው። ከመኪናዋ ሥር የሚታየው የደገፉ ባዶ እግር ብቻ ነው። እየሳቀ መለሰለት።

«ትዕዛዝ የትም አትሄድም። ይቺን ትቼ ብሄድ አንተ በዝግታ እነዳለሁ ብለህ ሰው ትፈጃለህ።»

አልተንቀሳቀሰም። አይሱዙው ላይ ቦታ ያገኙት አዛውንቱ ኤርሳዶና ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው። እትዬ ዓመለወርቅ የኤርሳዶን ጆሮ ይዛ፣ አባት ሳይደርስ አፈር እንዳይገባ በሉ፣ በእግዚአብሔር ስም አቆዩልን ብላ ሰደደችው።

አይሱዙው አቧራውን ጥሎ ሲሄድ ቦልቴ እትዬ ዓመለወርቅን ከግራሩ ጀርባ ጠራትና ልንገራቸው አለ። እንባ ተናንቆታል። እሷም እያለቀሰች ነበር፤ ግን አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከጎኑ አልጋ የለ፣ ዘመድ የለ፣ ያለው ገደል ነው፤ ራሱን ቢወረውር ማን ይይዘዋል አለችው። ከዚያም፣ አንተ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ብላ ጨመረች። ያወቀውን ቦልቴ አልረሳውም። ከሰባት ዓመት በፊት መነሃሪያ ውስጥ ገና ምንም ላልሰማ ነጋዴ «ወንድምህን እግዜር ይማረው» ብሎት፣ ሰውዬው እንደቆመ ወድቆ አገጩ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ አገሩ «መርዶ ነጋሪው» ብሎ ሲሣለቅበት ኖሯል፤ እሱም ምላሱን ማሰር ተምሯል። አሁን ይጨርሳል፣ አለች እትዬ ዓመለወርቅ። አሁን ይጨርሳል እያሉ ሰባት ሰዓት ሆነ።

ብሎኑ በመጨረሻ ወጣ፤ ሲወጣ ግን ተሰብሮ ነው። ባሌስትራውን ከሻንሲው ደህና ጎን ጋር የሚደግፍ ጠንካራ ብረት አስፈለገ። ደገፉ ከሥር ወጥቶ ዙሪያውን ቃኘ፤ እንጨት አየ፣ አይሆንም አለ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ፖርቶመጋላው ወጣ።

ቦልቴ ገመዱ ሲፈታ እያየ እንዳይነካው ሊከለክል ፈለገ፣ ግን ምን ብሎ? ደገፉ አረንጓዴውን ብረት አውርዶ አፈሩ ላይ አጋደመውና ሁለቱን እግሮች በሜትር ለካቸው። የብረት መጋዙን አወጣ። ያዝልኝ አለ፤ ቦልቴ ያዘ። መጋዙ አዲሱን ቀለም እየፋቀ ብረቱ ውስጥ ሲገባ ደገፉ ያወራ ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ አስጠበቅኳት አለ። ወባ የእኔን ቀጠሮ አትጠብቅ፣ ግን ልጅቷ ጠንካራ ናት፣ ሕፃን ሆና ኩፍኝ ይዟት እንኳ በአራት ቀን ተነሥታለች። እናቷ ስትሞት ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ነው ያሳደግኳት፤ ፊደል የቆጠረችው ሰሌዳ ላይ ሳይሆን የሰው መኪና በር ላይ በጠመኔ እየጻፈች ነው። አስተማሪ ሆና ስትመረቅ ያን ሁሉ በር አስታወስኩ።

«እሷ እስከ ቅዳሜ ትታገሠኛለች» አለ። «ሌላ እግር እቀጥልላታለሁ።»

ቦልቴ ከዚያ በላይ አልቻለም።

«ጋሽ ደገፉ» አለ።

«ያዝ፣ አታነቃንቀው» አለው ደገፉ፣ ከመጋዙ ቀና ሳይል።

ቦልቴ ያዘ። አላነቃነቀውም። አፉንም ዘጋ። ብረቱ ተቆረጠ። ደገፉ ሁለቱን እግሮች ግራና ቀኝ አድርጎ፣ በሰንሰለትና ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቀደደ ላስቲክ ጠፍንጎ ሲያስራቸው ስምንት ሰዓት አለፈ። ስምንት ከሃያ ላይ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ለቦልቴ ሰጠው። በጋሪ ፍጥነት ንዳ አለው።

ቦልቴ በጋሪ ፍጥነት ነዳ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ቀን የነዳጅ መርገጫውን ሊረግጠው አምሮት አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም። ደገፉ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኗል። ኩርባውን አለፉ። ቁልቁለቱን ጨረሱ። እስክስታ አልተንቀጠቀጠችም፤ ወለሏ ጸጥ አለ።

«ሰማሃት?» አለ ደገፉ ደስ ብሎት። «ዝም አለች።»

እውነትም ዝም ብላ ነበር። እሷ ዝም በማለቷም ደገፉ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላው ያለውን ሰማ። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች። ሌላዋ ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ ትላለች። ደገፉ ፈገግታው ከፊቱ ሳይጠፋ ዞረ። እትዬ ዓመለወርቅ ከቦርሳዋ ያወጣችውን ጥቁር ሻሽ እያሰረች ነበር፤ ዓይን ለዓይን ሲገጣጠሙ እጇ እራሷ ላይ ቀረ። ደገፉ አንድ በአንድ አያቸው፤ የዕድሩን ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች፣ የራሱን የግራና የቀኝ ጎረቤቶች። ከዚያ ወደ ፊት ሲመለከት የተበላ ቤቶች መጥተዋል፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ወዲህ ድንኳን ተተክሏል።

«ትዕዛዝ ናት?» አለ።

በሩን ከፍቶ መኪናዋ ሳትቆም ወረደ። ወድቆ ተነሣና ሮጠ፣ በባዶ እግሩ፣ በዚያ በሚያቃጥል አሸዋ ላይ። ቦልቴ መኪናዋን እንዳለች ትቶ ተከተለው። ግን ሰዉ ከወዲያ ማዶ እየተመለሰ ነበር። አካፋና ዶማ የያዙ ጎልማሶች ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ መሐላቸው እጁ አፈር የነካው የትዕዛዝ ባል አብርሃም። እስከ ስምንት ከአርባ አምስት ጠብቀው ነበር። ኤርሳዶ ለምኗል፣ ተንበርክኳል። ሙቀቱ ግን ከዚያ በላይ አላስጠበቀም፤ መጋቢውም ሽማግሌዎቹም አባት አካሏን በዚያ ሁኔታ ከሚያያት ባያያት ይሻላል ብለው ሳጥኑን አዘጉ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነበር። ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያመለጠው።

ሊይዙት የተዘጋጁት ሰዎች ያዙት፤ እንደ ወጉ ክንዱን፣ ወገቡን። እሱ ግን አልተወራጨም። መቃብሩ ጋ ውሰዱኝ ብቻ አላቸው። እዚያ ሲደርስ ቁጢጥ አለና መዳፉን እርጥቡ አፈር ላይ ዘርግቶ አሳረፈ፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ቦልቴ ጫማውን በእጁ ይዞ ከኋላው ቆሟል። ያየውን አልቻለምና ፊቱን አዞረ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ደገፉ ጠራው። መቼ ነው የሞተችው አለው፤ ሌሊት አለ ቦልቴ። ጠዋት ጋራዥ ስትመጣ ታውቅ ነበር? አውቅ ነበር። አይሱዙው ሲመጣስ? ቦልቴ አንገቱን ደፋ።

«አይሱዙውን ተወው» አለ ደገፉ። «ከዚያ ግራር ሥር በእግሬ ሁለት ሰዓት ነው፣ ቦልቴ። በእግሬ እደርስ ነበር።»

ቦልቴ እግሩ ላይ ወደቀ። ደገፉ አላነሣውም፣ አልገፋውምም። እነዚህን ሰዎች በመኪናዋ እንዳትመልሳቸው፣ ብረቱ እስክንደርስ ብቻ ነው የሚይዘው አለና እንደገና ወደ አፈሩ ዞረ።

ሦስት ቀን ድንኳን ተቀመጡ። ሰዉ እየመጣ ስለ ትዕዛዝ ይናገራል፤ ተማሪዎቿ ተሰልፈው ዘመሩ። አብርሃም ለአማቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተነፈሰ። ትኩሳቱ ከያዛት አራት ቀኗ ነበር፣ አባዬን አታስጨንቁት፣ ብረቱን ሲጨርስ ራሱ ይመጣል ብላ ከለከለችን አለ። ደገፉ ይህን ሲሰማ ከድንኳኑ ወጥቶ ሄደ፤ ቦልቴ ከሩቅ ተከትሎት ትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሆኖ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሰማው። አልቀረበውም፤ ምን ብሎ ይቀርባል።

እስክስታ ከድንኳኑ ጎን እንደቆመች ናት። ዓርብ ማታ ቦልቴ ከሥሯ ገብቶ ሁለቱን ብረቶች ፈታ። ተጣመዋል፤ አረንጓዴው ቀለም አሁንም እዚህም እዚያም አለባቸው። በጆንያ ጠቅልሎ፣ ፖርቶመጋላው ላይ የቀረውን አጋማሽ ጨምሮ፣ ቅዳሜ ጠዋት በሰው መኪና ሶዶ ገባ።

ደገፉን ከለቅሶ በተመለሰ በሰዓቱ ጋራዡን ከፍቶ አገኘው። ሐዘንተኛ መዶሻ አይጨብጥም ብለው ጎረቤቶቹ ቢቆጡት አልሰማም። ቅዳሜ ብያለሁ ነው ያላቸው። ቦልቴ ጆንያውን ሲፈታ ደገፉ ምንም አልጠየቀም። የተጣመሙትን እግሮች በመዶሻ አቃናቸው፣ የጎደላቸውን ቀጠለ፣ የብየዳውን መነጽር ግንባሩ ላይ አደረገ። ለአብርሃም ነው፣ እሱም የሰው ልጅ ነው፣ እዚያው ቤት ነው የሚተኛው አለ። ቦልቴ ማንም ሳያዘው ተንበርክኮ ብረቱን ያዘለት። በዚህች ቀን ይቅር በሉኝ ሳይል ከወጣ ዳግመኛ እንደማይል ገባው።

«ጋሽ ደገፉ» አለ።

ደገፉ የብየዳውን እጀታ አወረደ። በዚህ ጊዜ ጠበቀው። ቦልቴ ሊናገር ሲል እንባው ቀደመው።

«ያን ቀን፣ መጋዙን ይዤ ሳለ ስትጠራኝ» አለ ደገፉ፣ «ልትነግረኝ ነበር አይደል?»

«አዎ።»

ደገፉ ራሱን ነቀነቀ። ይህንን ሲያስብ እንደ ሰነበተ ከፊቱ ይታወቅ ነበር።

«እኔ ነኝ አታነቃንቀው ያልኩህ» አለ።

መነጽሩን ወደ ዓይኑ ሳበው። ቦልቴ ብረቱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ ብየዳው ሲበራም በዚህ ጊዜ ፊቱን አላዞረም።